ሰሙን ማን አቀለጠው?

ድሬዳዋ ውስጥ አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ቁጡ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። መኪና አጣቢያቸው፣ «የመኪናዋ ማወልወያ ሰም ሙቀት አይወድም፤ ጥላ ቦታ ላስቀምጠው» ቢላቸው፣ «ልትሰርቀኝ ነው!» ብለው የሰሙን ጣሳ ቢሯቸው፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አኖሩት።

በሳምንቱ መኪናዋን ሊያስወለውሉ ጣሳውን ቢከፍቱት ሰሙ ሾርባ ሆኗል። ሠራተኛውን ሰብስበው አጣቢውን አፋጠጡት።

«ማነው ያቀለጠው? እኔ ነኝ?»

«አዎ» ቢል መባረሩ ነው፤ «አይደሉም» ቢል ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ነው።

አጣቢው እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ እኛ እርስዎ ፊት አንድ ደቂቃ ቆመን እንቀልጣለን፤ እሱ ምስኪን ሳምንቱን ሙሉ አብሮዎት ውሎ እንዴት ይቻለው!» አላቸው።

አቶ ደምመላሽ መወደሳቸው ይሁን መሰደባቸው ግራ ገብቷቸው ጣሳውን መለሱለት።