ስንዱና ቦታ ያጡት ዕቃዎች

"ላውጋችሁ?"

"አውጊን።"

"ጆሯችሁ የት ነው?"

"አንቺ ጋ።"

እንግዲያው ስሙ። ድሮ ነው፤ እንስሳውም ዕቃውም ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን። በአንድ ደጋ መንደር ስንዱ የምትባል መሶብ የምትሰፋ ሴት ነበረች። ስሟ ስንዱ ይሁን እንጂ ቤቷ ስንዱ አልነበረም። እጇ ግን እጅ ነበር። ስንዱ የሰፋችው መሶብ ውሃ ቢሞሉት ጠብ አይልም ይባልላት ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ለስፌቱ መሠረት የሚሆነውን ሣር፣ ስንደዶውን፣ አምጥታ አልጋ ሥር ትወረውራለች። በቀለም ነክራ የምትጠመጥምበትን ሣር፣ አክርማውን፣ አምጥታ በር ኋላ ትወረውራለች። ወስፌዋን፣ ያንን ሣሩን እየወጋ መንገድ የሚያወጣላትን ባለ እጀታ መርፌ፣ ሥራ ስታቆም እጇ ባለበት ትጥለዋለች። ጓሮዋም ከቤቷ አይሻልም ነበር። አንገቷ የተሰበረ እንስራ በአንድ በኩል ወድቃለች፤ ከአጥር የተረፈ ቀርከሃ በሌላ በኩል ተጋድሟል፤ ሁለት መረገጫው የወለቀ መሰላል ጎመኑ ላይ ተኝቷል። ዶሮዋ ባሻት ትተኛለች፣ ፍየሏ ባሻት ትገባለች።

የእህቷ የየሺመቤት ልጅ ማሪቱ የተወለደች ዕለት፣ ስንዱ ሕፃኗን ታቅፋ፣ "ይህች ልጅ ስትዳር መሶቧን የምሰፋላት እኔ ነኝ" ብላ ነበር። እነሆ ማሪቱ አደገች፤ ታጨች፤ ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። መሶቡ ከነእግሩ አልቋል። የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ ክዳኑን ልትጀምር ተቀመጠች። ወስፌው የለም።

"ወስፌ፣ የት ነህ?"

"እዚህ ነኝ" አለ ወስፌው።

"እዚህ የት?"

"እዚህ ነዋ።"

አልጋውን አነሳች፣ የለም። ምንጣፉን አራገፈች፣ የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዋን ከሣር ክምር ላይ ብታነሳት ከሥሯ ብልጭ አለ።

"ምን ልትፈለፍዪ ነው ወስፌ የታቀፍሽው?" አለች ስንዱ።

"የምተኛበት አጥቼ ያገኘሁት ሣር ላይ ተኛሁ" አለች ዶሮዋ። "እኔስ ቀኑን ሙሉ ጎኔን ሲወጋኝ አይደል የዋለው?"

ማክሰኞ ጠዋት ስንዱ ክዳኑን ልትጀምር ተቀመጠች። ቀይ የተነከረው አክርማ የለም።

"ቀዩ አክርማ፣ የት ነህ?"

"እዚህ ነኝ" የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ። ድምፁ የመጣው ከፍየሏ ሆድ ነው።

"ምነው አንቺ ፍየል?"

"በር ላይ ተበትኖ አገኘሁት" አለች ፍየሏ እያመነዠከች። "ለእኔ የቀረበ መስሎኝ ነው።"

ስንዱ እንደገና ቀለም አፈላች፣ እንደገና አክርማ ነከረች። ማክሰኞም አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ስንዱ ክዳኑን ልትጀምር ተቀመጠች። ስንደዶው የለም።

"ስንደዶ፣ የት ነህ?"

"እዚህ ነኝ፣ እየዋኘሁ ነው።"

ለካ ጓሮ ጥላው፣ ሌሊቱን ዝናብ ወርዶበት በጭቃ ውሃ ላይ ተንሳፏል። ግማሹ ለምንም የማይሆን ሆነ።

እሷ ጭቃውን ስታራግፍ እህቷ የሺመቤት በአጥሩ በር ብቅ አለች።

"ስንድዬ፣ ደረሰ?"

"ይደርሳል።"

የሺመቤት ጓሮውን አየች፣ ቤቱን አየች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ካልደረሰ አትጨነቂ። ከጎረቤት ተውሼ ልጄን እሸኛለሁ" ብላ ሄደች።

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ስንዱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የእህቷ ልጅ በተውሶ መሶብ ልትሸኝ ነው። ተነሥታ ገባችና ሣሩን ሁሉ መሐል ቤት ትጎትት ጀመር።

"ከእንግዲህ ስፌት በቃኝ። ሁሉንም ሰብስቤ አቃጥለዋለሁ።"

ያኔ ወስፌው ከጉልበቷ ሥር ተናገረ።

"እትዬ ስንዱ፣ አንዴ ስሚኝ። ሰኞ ስትጠሪኝ አቤት አላልኩም?"

"ብለሃል።"

"እዚህ ነኝ አልኩሽ፤ እዚህ የት ነው አልሽኝ። ምን ልበልሽ? የምቀመጥበት ቦታ ስም የለው። ትናንት አልጋ ሥር፣ ዛሬ ዶሮ ሥር። ቦታ ስጪኝና ከዚያ ወዲያ ካጣሽኝ እሳት ውስጥ ክተቺኝ።"

ስንዱ የያዘችውን ሣር መሬት ላይ አስቀመጠች።

ከቤቱ ጥግ ካለው የሣር ክምር ደግሞ እዚያ የምትኖረው አይጢት አፍንጫዋን አወጣች። "እመቤቴ፣ ምን ነካሽ?" አለች። "አራት ቀን ቀርቶሽ ዕቃ ልትደረድሪ ነው? ይልቅ ሣሩን እዚሁ ክምር አድርጊው፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ። አንቺ ትንሽ ጋደም በዪ።"

"ሦስት ቀን ሰፋሽ ወይስ ፈለግሽ?" አለ ወስፌው።

ስንዱ አሰበች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዙር እንኳ አልሰፋችም። ተነሣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"ከየት ልጀምር?"

"ከእኔ" የሚል የጎረነነ ድምፅ ከጓሮ መጣ። የእናቷ እንስራ ናት፤ ያቺ አንገቷ የተሰበረው። "ልጄ ስንዱ፣ አንገቴ ቢሰበር ሆዴ ደህና ነው። እጠቢኝና አስገቢኝ።"

"የተሰበረ እንስራ ቤት ውስጥ?" አለች አይጢት። "ሰው ምን ይላል?"

ስንዱ ግን አጠበቻት። የተሰበረውን አፏን ከፍና ዝቅ ያለው እስኪስተካከል በድንጋይ ፈገፈገች፣ እጅ እንዳይቆርጥ ዙሪያውን በጨርቅ ጠመጠመች። ከዚያ ከዝናብ የተረፈውንና ፀሐይ ላይ ያደረቀችውን ስንደዶ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ አቆመችባት። ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ረጅሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት፤ ሁሉም ይታያል። ስንዱ ራቅ ብላ አየችው፣ ቀረብ ብላ አየችው።

"ሌላስ? ሌላ ማን አለ?"

"እኔ አለሁ" አለ ቀርከሃው ከጓሮ። "ከአንጓዬ በታች በታች ቁረጪኝ። አንጓዬ ወለል ይሆናል፣ ሆዴ ክፍት ነው። የፈለግሽውን ጨምሪብኝ።"

"ቀርከሃ ለአጥር ነው" አለች አይጢት።

ስንዱ ግን ጥርሳሙን ማጭድ አመጣች። ከአንጓው በታች ገዘገዘች፣ አንድ ወጣ። ገዘገዘች፣ ሁለት ወጣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ስድስት የቀርከሃ ዋንጫ ነበራት። ዳራቸውን በስታ በቃጫ ገመድ ጎን ለጎን አሰረቻቸው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ችንካር ላይም ሰቀለቻቸው። ቀዩን በአንዱ፣ አረንጓዴውን በአንዱ፣ ጥቁሩን በአንዱ ጨመረች። መቀሱም ቢላውም ገቡ። የመጨረሻው የወስፌው ሆነ።

"ወስፌ፣ የት ነህ?"

"በመስኮቱ በኩል፣ ስድስተኛው ቤት ነኝ" አለ ወስፌው፣ እንደ ባላባት።

ስንዱ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ምሳዋን ረሳች። ከጓሮ ቤት፣ ከቤት ጓሮ ትሮጣለች፤ ያየችው ዕቃ ሁሉ፣ "እኔስ? እኔስ?" ይላታል።

መሰላሉም፣ "ሁለት መረገጫ ጎደለኝ እንጂ አምስት አለኝ" አላት። ግድግዳው ላይ አስደግፋ እግሩን በድንጋይ አጠበቀችው። አሁን የነከረችው አክርማ በየመረገጫው ተንጠልጥሎ ያለ ጭቃ ይደርቃል፤ ፍየሏ አንገቷን ብትስብ ብትስብ አልደረሰችበትም።

"ቆይ፣ ነገ ትጨርሺዋለሽ፤ ደክሞሻል" አለች አይጢት። አሁን ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አልደከመኝም።"

አልደከማትምም። ለዶሮዋ የተቀደደ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ከዝናብ በተከለለ ጥግ አስቀመጠችላት። ዶሮዋ ሦስት ጊዜ ዞረችው፣ ገባች፣ አልወጣችም። ጎመኑን በእሾህ አጠረችው። ለፍየሏ ከግራሩ ሥር ችንካር መታችላት። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረች፤ ጭቃ ሳይረግጡ የሚገባበት መንገድ ሆነ። ጓሮው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ስንዱ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስንዱ ክዳኑን ልትጀምር ተቀመጠች። ወስፌው አለ። አክርማው አለ። ስንደዶው አለ። እጇ ሲዘረጋ ያገኛል፤ ዓይኗ ከስፌቱ አይነሣም። ቀይ ዙር ገባ፣ ጥቁር ዙር ገባ፣ አረንጓዴ ዙር ገባ። ክዳኑ እየከበበ፣ እየሾለ ወደ ላይ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልትጠጣ ወጣ አለች። ያኔ ወስፌው ከውስጥ ጮኸ።

"እትዬ ስንዱ፣ ድረሺልን፣ ልንወድቅ ነው!"

ሮጣ ገባች። ቀርከሃዎቹን የያዘው ገመድ በአንድ ክር ቀርቷል። ችንካሩ ላይ አይጢት ተቀምጣ ትቆረጥማለች። ስንዱ በአንድ እጇ ቀርከሃዎቹን ደገፈች፣ በሌላው አይጢትን ጅራቷን ያዘች።

"ምን አደረግሁሽ?"

አይጢት ተንጠልጥላ እግሮቿን አወራጨች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

"ሰባት ልጆች አሉኝ፣ እመቤቴ። ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። ከዚያ ሣር ክምር ሥር ናቸው። አንቺ አንድ ዕቃ ባነሣሽ ቁጥር የእኔ ጣራ ይነሣል። ዛሬ የቀረው አንድ እቅፍ ሣር ነው። እሱን ስታነሺው የት እገባለሁ? ሥራሽ ከፈረሰ ክምሩ ይመለሳል ብዬ ነው።"

ስንዱ የቀረውን ሣር ቀስ ብላ ገለጥ አደረገችው። ጣት የሚያህሉ ሰባት ሮዝ ነገሮች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ቁጣዋ የት እንደሄደ አላወቀችም። ማሪቱም ስንዱ በታቀፈቻት ቀን እንዲህ ሮዝ ነበረች።

"መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰው ለአይጥ ቦታ ይሰጣል ብዬ መች አስቤ።"

"ቤቴን አልሰጥሽም" አለች ስንዱ። "እህሌንም ሣሬንም አልሰጥሽም። ቦታ ግን እሰጥሻለሁ።"

የተሰነጠቀ ቅል አነሣች፤ ስንጥቁን በሰም ደፈነች፣ ጎኑን ለአንዲት አይጥ የሚበቃ ያህል ቀደደች፣ ውስጡን በስፌት ቁርጥራጭ ሞላች። ከጓሮው ጫፍ ካለው የድንጋይ ካብ ማዶ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ በሁለት ድንጋይ መካከል አስገባችው። አይጢት ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ተሻገረች። ሰባተኛውን አስገብታ ብቅ አለችና፣ "ገመዱን ድርብ አድርጊው፣ ነጠላ ገመድ ለእኔ ቢጤ አይበረክትም" አለቻት።

ስንዱ ገመዱን ድርብ አደረገችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ቀይ ዙር አሰረች። ክዳኑን መሶቡ ላይ ብታስቀምጠው እንደተወለደበት ገጠመ። ወስፌውን አላመሰገነችውም፤ ጠርጋ ስድስተኛው ቤት መለሰችው። እሱም ሌላ ምስጋና አልፈለገም።

እሑድ ጠዋት ስንዱ መሶቡን ይዛ እህቷ ቤት ደረሰች። ሠርገኛ ገና አልመጣም፤ የሺመቤት ደጃፉን ትጠርጋለች። መሶቡን ስታይ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። አንድም ቃል ሳትናገር ገባች፤ ከበር ኋላ በነጠላ የተሸፈነ ሌላ መሶብ አወጣች፣ በጓሮ በር ለጎረቤቷ መልሳ መጣች። ከዚያ እህቷ ፊት ቆማ ቀዩን ዙር በጣቷ ዳበሰች።

"ክዳኑን በስንት ቀን ሰፋሽው?"

"በቀን ተኩል።"

"ከሰኞ ጀምሮ ስትሰፊ አልነበር እንዴ?"

"ከዚያ በፊትማ ስፈልግ ነበር" አለች ስንዱ።

ሁለቱም ሳቁ። የሺመቤት አቀፈቻት፣ ስትለቃትም ዓይኗ እርጥብ ነበር። ማሪቱ ስትወጣ ሙሽራዋ ከፊት፣ መሶቡ ከኋላ ሆኖ ሄደ፤ መንገድ ዳር የቆሙት ሴቶች ግማሾቹ ሙሽራዋን፣ ግማሾቹ መሶቡን አዩ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ጥበብ ያለው እጅ ብዙ ነው፤ ቦታ ያልተሰጠው ዕቃ ግን ከጥበበኛው እጅ ቀኑን ይሰርቃል። ደግሞ ለዕቃ ቦታ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ከዕቃው ሥር ተጠግቶ የሚኖረውንም ያስብ።

እኔ ያለኝን ተናገርኩ፣ እናንተ የሰማችሁትን ያዙ።