የፊታውራሪ ይገረሙ ጋን

ፊታውራሪ ይገረሙ ለልጃቸው ሠርግ አንድ ትልቅ ጋን ጠጅ አስጣሉ። እንግዳው በየቀኑ ግማሹን ሲጠጣ፣ እሳቸው የጎደለውን በውሃ ያስሞሉት ነበር። በአምስተኛው ቀን እንግዳው ሲያጉረመርም ጠጅ ጣይዋን አስጠርተው፣ «ማሬን ሰርቀሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ እኔስ የጣልኩት ጠጅ ነበር» አለች። «አራት ቀን ሙሉ ግማሽ ግማሹ እየተቀዳ በውሃ ተተካ። ዛሬ ከአሥራ ስድስት ዋንጫ ጠጁ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው የወንዝ ውሃ ነው።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የፊታውራሪው ደም ፈላ።

«በቆጠርሽው ልክ አሥራ ስድስት ጅራፍ ትቀምሻለሽ!»

ሴትየዋ እጅ ነስታ፣ «እሺ ጌታዬ» አለች፤ «ግን በቤትዎ ደንብ ይሰፈርልኝ፤ አንዱን በጅራፍ፣ አሥራ አምስቱን በውሃ።»