የይታገሱ ገንፎ

አንድ ቀን አቶ ቸኮል የሚባሉ የሞጣ ሰው የቤት ሠራተኛቸውን በእድር ዳኛ ፊት ከሰሱ። ክሱ «የሕፃን ገንፎ በልታለች» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ቸኮል ስመኝ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ አስተማሪ ናት። ባሏ ለመንገድ ሥራ ሩቅ ስለሄደ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። ወንድ ልጅ ወለደች። ስም ያወጡለት አያትየው ናቸው፤ ይታገሱ አሉት።

ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ስመኝ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ መዘነችውና፣ «ከእንግዲህ ጡት ብቻ አይበቃውም። ገንፎ ጀምሩለት። ግን ወፈር ያለ ይሁን፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገንፎ አይባልም። እንቁላልም ጨምሩበት» አለቻት።

ስመኝ ይህንን ለአባቷ ነገረች። በዚያ ቤት እንቁላሉም ዱቄቱም፣ የስመኝ ደመወዝም የሚቀመጠው ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው አቶ ቸኮል አንገት ላይ ነው።

«እንቁላል?» አሉ አቶ ቸኮል። «በሁዳዴ?»

«ሕፃን እኮ ነው፣ አባዬ።»

«ክርስትና ተነሥቷል አልተነሣም?»

«ተነሥቷል።»

«እንግዲያው ክርስቲያን ነው። ይጹም።»

ፋሲካ አለፈ። ስመኝ እንደገና ጠየቀች። ዶሮዎቹ ሊታቀፉ ስለሆነ እንቁላል አይነካም ተባለች።

ዱቄቱን በተመለከተ አቶ ቸኮል እምቢ አላሉም። በየማለዳው ሣጥኑን ይከፍቱና ለሠራተኛቸው ለማንጠግቦሽ አንድ የቡና ሲኒ ዱቄት ይሰፍሩላታል። ከሲኒው አፍ በላይ የተቆለለውን በጣታቸው ጠርገው ወደ ሣጥኑ ይመልሳሉ። ስመኝ ትምህርት ቤት ስትውል ልጁን የምታበላው ማንጠግቦሽ ናት።

«ጋሼ፣ ይቺ ለቁርሱም አትሆነው» ትላለች።

«ውሃ ጨምሪበት።»

«ትናንትም ጨምሬ ነበር።»

«ዛሬም ጨምሪ። ጥርስ ለሌለው ሰው ቀጠን ያለው ነው የሚስማማው።»

ቀጠነ። እየቀጠነ ሄዶ ማንኪያ አልይዘው ሲል ማንጠግቦሽ ጡጦ ውስጥ ጨመረችው። ይታገሱ ጡጦውን ጨርሶ ያለቅሳል። አቶ ቸኮል በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ «ይታገሱ» ይላሉ። ስሙን ይጥሩት፣ ትእዛዝ ይስጡት፣ ማንም አያውቅም።

ስምንት ወር ሲሞላው ስመኝ እንደገና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ሚዛኑን አየች፤ ካርዱን አየች፤ እንደገና ሚዛኑን አየች።

«እህቴ፣ ይሄ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ምንም አልጨመረም። የሚበላው ምንድን ነው?»

«ገንፎ» አለች ስመኝ፣ ቀስ ብላ።

«በሚመጣው ወር እንዲሁ ሆኖ ካገኘሁት ሆስፒታል እልከዋለሁ። ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም።»

ስመኝ እያለቀሰች ቤት ገባች። አቶ ቸኮል የሆነውን ሰምተው ጥቂት አሰቡ። ዱቄቱን በገዛ እጃቸው ሰፍረው ሰጥተዋል። ልጁ ግን አልወፈረም። በዱቄቱና በልጁ መካከል ያለችው ማንጠግቦሽ ብቻ ናት። ስለዚህ በማግስቱ የእድሩን ዳኛ አለቃ ልሳነወርቅን አስጠርተው ሳሎን ውስጥ አስቀመጧቸው። ማንጠግቦሽም ይታገሱን ታቅፋ፣ ጡጦውን ይዛ ገባች።

«አለቃ፣ ይቺ ሴት የልጅ ልጄን እህል ትበላለች» አሉ አቶ ቸኮል።

«ስትበላ አይተሃታል?»

«ማየት አያስፈልገኝም። ልጁን ይዩት፤ አጥንቱ ይቆጠራል። እሷን ደግሞ ይዩዋት።»

አለቃ አዩዋት። ማንጠግቦሽ ሞላ ያለች ሴት ናት።

«ከአገሬ ስመጣም እንዲሁ ነበርኩ» አለች። «እንዲያውም እዚህ ከገባሁ ቀንሻለሁ።»

«ስሟንስ አልሰሙም፣ አለቃ? ማንጠግቦሽ! የማይጠግብ ሰው ስም ነው።»

«ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር አትተዋወቅም።»

አለቃ ልሳነወርቅ ወደ አቶ ቸኮል ዞሩ። «ለመሆኑ ምን ያህል ነው የምትሰጣት?»

«የሚበቃውን ያህል።»

«የሚበቃው ስንት ነው?»

«አንድ ሲኒ።»

«ለቁርሱ?»

«ለቀኑ።»

አለቃ ልጁን ደግመው አዩት። ይህ ለአቶ ቸኮል አልጣማቸውም።

«እኔ እኮ አለቃ፣ ለጥያቄ አልጠራሁዎትም። ሳሰናብታት ምስክር እንዲሆኑኝ ብዬ ነው።»

ስመኝ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ እሷ ከሄደች ልጁን ማን ያበላዋል?» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል?»

ይህ መልስ ስመኝን ከነርሷ ቃል የበለጠ አስደነገጣት። ማንጠግቦሽም ልጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሥራዋን ብታጣ ሌላ ቤት ትገባ ይሆናል፤ ይታገሱ ግን ሌላ የሚገባበት ቤት የለውም።

አቶ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሲያሰናብቱ በወግ ማሰናበት ይወዳሉ።

«ማንጠግቦሽ» አሉ፣ «አራት ዓመት አብረን ኖርን። ክፉ ደግ አልተነጋገርንም። እንግዲህ ምን ይደረግ፤ በዚህ ቤት ያለሽ እህል ውሃ አልቋል። ልብስሽን ሰብስቢ።»

ማንጠግቦሽ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ጡጦውን ወደ አለቃ ዘረጋች።

«እህሉስ ካለቀ ሁለት ወሩ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ውሃው ግን አላለቀም፤ ይኸው ጡጦ ሙሉ አለ።»

አለቃ ልሳነወርቅ ጡጦውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው ቢያነሡት፣ በወዲያ በኩል የተቀመጡት አቶ ቸኮል ከነጺማቸው ጥርት ብለው ታዩዋቸው።

«ቸኮል» አሉ፣ ጡጦውን ሳያወርዱ፣ «ውሃው ይበቃል። እህሉን አምጣ።»