ገል አምባ

«ቀስ በሉ፥ ገሉ እንዳይሰበር!» ይላል አስተርጓሚው፤ ከውጭ አገር የመጡት የጥንት ቅርስ ቆፋሪዎችም አፈሩን በብሩሽ ያባብሉታል። የተሰበረ እንዳይሰበር ሲሳሱለት ቆሜ አየሁ። ይህ ጉብታ ገል አምባ ይባላል፤ እስከ ትናንት ስሙ የሚነሳው እኛን ሸክላ ሠሪዎቹን ለመስደብ ነበር።

እንደሚነገረው፥ ግራዝማች ወንዳፍራሽ ልጁን ሊድር ሲነሳ የአያቴን አያት ይመኙሻልን አርባ ጋን ሥሪ ብሎ አዘዛት። ወቅቱ ክረምት ነበርና ጭቃው አልደርቅ ቢላት፥ ደጁን አልፎ መግባት ለእኛ ለሸክላ ሠሪዎች ወግ አልነበረምና ከአጥሩ ውጭ ቆማ፥ «ጌታዬ፥ ጋኑ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይታገሡኝ» አለችው።

«እሳት ካየው ምን ለየው!» አለ ግራዝማች። ለምግብ የተተረተውን ለጋን ተረተ፤ ጋንን ጠላ ሲቀዳበት እንጂ ሲሠራ አይቶ አያውቅማ።

በበቅሎው ላይ እንዳለ እሳቱ ዳር ቆሞ በግድ አስተኮሳት ይባላል። አርባውም እየጮኸ ፈነዳ፤ አንዱ ፍንጣሪም የግራዝማችን የአፍንጫ ጫፍ ይዞ ሄደ። ያ ጀግና «ቡዳ ናት፥ በዓይኗ በላችኝ!» እያለ ሸሸ። አገሬውም ከጭቃው ይልቅ ጎራዳውን አመነና ይመኙሻልን ከአገር አስወጣት፤ ዘመዶቿም ገሉን እዚሁ ከመሩት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ ጋን ያዘዘ ሰው ሲተኮስ እሳት ዳር አይቆምም፤ ከቆመም «አፍንጫህን ያዝ» ይባላል።

ቆፋሪዎቹን «የአያቶቼ ግንብ ፍራሽ ነው» ብሎ ያመጣቸው የግራዝማች የልጅ ልጅ ልጅ ጌጤነህ ነው። ውኃ ስለምነው ጣሳው እንዳይነካኝ ከላይ በእፍኜ የሚያፈስልኝ ሰው ነው። ከቆፋሪዎቹ መካከል በአገሩ በጃፓን የጥንት ሸክላ መተኮሻ ሲቆፍር ያረጀ አንድ ሽማግሌ አለ። ገሉን አገላብጦ፥ የተላጠውን ወገን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፥ በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለ፦

«ግንብ አይደለም፥ ጋን ነው። ሳይደርቅ እሳት ገብቶ ፈንድቷል። በእኛም አገር በየጥንቱ መተኮሻ ሥር እንዲህ ያለ የስባሪ ክምር አለ።»

ስለ ዓይን ምንም አላነሳም።

ሰሌዳ ሊተከል ነው፥ የሠሪዋ ስም ይጻፍበታል ተባለ። «ይመኙሻል» አልኳቸው። ያን ጊዜ ጌጤነህ ሰው ሁሉ እያየው መጣ፤ ከጣሳው አንዴ ተጎንጭቶ፥ ጣሳውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ጠጣ እንጂ፥ አያ ደንበሩ! እኛ እኮ ዘመዳሞች ነን።»