የዝናሽ አስር ደቂቃ

ተረት ተረት! የሸሚዝ ስፌት!

በአንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ዝናሽ የምትባል ኮሌታ ሰፊ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ እኔ ስሟን ጠርቼ ሳልጨርስ አንዱን ኮሌታ ትጨርሳለች። ሰሞኑን ግን ደረቷን ያፍናታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ትናንትማ መርፌው ጣቷን የሳተው ለጥቂት ነው። ፈርታለች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ አስር ደቂቃ ውጭ ወጥቶ መተንፈስ።

የመስመሯን አለቃ ሽብሬን ጠየቀቻት።

«እኔማ ባስወጣሽ ደስ ባለኝ እቴ፤ ጋሽ ደምሰው ካልፈቀዱ ግን አልችልም» አለች ሽብሬ።

ተቆጣጣሪው ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ ሽብሬ አታስወጣኝም፣ ደረቴም እንደታፈነ ነው።»

«አቶ ኃይለልዑል ካላዘዙ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ልጄ?» አሏት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለልዑል ዘንድ ወጣች። «ጋሽ ደምሰው አይፈቅዱም፣ ሽብሬ አታስወጣኝም፣ ደረቴም እንደታፈነ ነው።»

«የክሊኒኩ መዝገብ ሁሉም ሠራተኛ ደህና ነው ይላል» አሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ። «መዝገቡ ደህና አይደለችም ያለ ቀን አዛለሁ።»

ዝናሽ በዚህ የምትመለስ ሰው መሰለቻችሁ እንዴ? ቀጥ ብላ ክሊኒክ ገባች፣ ነርሷ ሲስተር አስካለ ዘንድ። «ሲስተር፣ መዝገቡ ደህና ናት ይላል፣ አቶ ኃይለልዑል አያዙም፣ ጋሽ ደምሰው አይፈቅዱም፣ ሽብሬ አታስወጣኝም፣ ደረቴም እንደታፈነ ነው!»

«እኔ የምጽፈው የምትሉኝን ነው» አለች ሲስተር አስካለ። «ሰኞ ሰኞ በር ላይ ቆሜ እንዴት ናችሁ እላለሁ። አንቺ ባለፈው ሰኞ ምን አልሽኝ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለች ዝናሽ፣ አፍራ።

ታዲያ ሌላ ምን ትበል? እኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ እንኳን ደረቱ ታፍኖ ቤቱ ተቃጥሎም ደህና ነው የሚለው።

ሲስተር አስካለ መዝገቡን ገለጠች። «በይ እንደ አዲስ። እንዴት ነሽ ዝናሽ?»

«ደህ...» አለችና ቃሉን ዋጠችው። እንባዋ መጣ፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ደህና አይደለሁም።»

ያን ጊዜ ሲስተር አስካለ ጻፈች፣ መዝገቡ ደህና አይደለችም አለ፣ አቶ ኃይለልዑል ቃላቸው ያዛቸውና አዘዙ፣ ጋሽ ደምሰው ፈቀዱ፣ ሽብሬ አስወጣቻት፣ ዝናሽም ከፋብሪካው ጀርባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አስር ደቂቃ ሙሉ ተነፈሰች። ደረቷም ቀለል አላት።

ስትመለስ ክሊኒኩ በር ላይ ሰልፍ አየች። ከፊት ሽብሬ ቆማለች፣ ከሽብሬ ኋላ ጋሽ ደምሰው፣ ከጋሽ ደምሰው ኋላ፣ ስልካቸውን የሚያዩ መስለው፣ አቶ ኃይለልዑል።

ተረቴን መልሱ፣ አስር ደቂቃ ተንፍሱ።