እመት ከርከሮና የአያ ጅቦ ሰፊ ቤት

አንድ ጊዜ፣ ከቆላው ወንዝ አፋፍ ሥር፣ እመት ከርከሮ ከባሏ ከአባ ክራንቻና ከልጆቿ ጋር በአንዲት ጠባብ ጉድጓድ ትኖር ነበር። ጉድጓዲቱ ሲጋቡ ለሁለት በቅታ ነበር። ቤት ግን ከልጅ ጋር አያድግም። ኋላ ኋላ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው የሚነቃ ሆነ፤ አባወራው ደግሞ ቦታ ቢያጣ ግማሽ ጭንቅላቱን ደጅ አውጥቶ ማደር ጀመረ። ጎረቤታቸው ጅግራ በማለዳ ስታልፍ ጤዛ ከጢሙ ሲንጠባጠብ አይታ፣ ሰውዬው ሚስቱ አባርራው ነው ወይስ ዘበኛ ተቀጥሮ ነው እያለች ለመንደሩ አዳረሰች።

የከርከሮ ዘር አንድ ወግ አለው። ቤቱ ሲገባ ዞሮ በኋላው ነው የሚገባው። ጭራው ወደ ውስጥ ይቀድማል፣ ፊቱና ክራንቻው በበሩ በኩል ይቀራል። ተከትሎ የሚመጣ ጠላት ካለ የሚቀበለው ጥርስ ነው። እመት ከርከሮ ይህን ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ ተምረውታል፤ ልጆቿንም ገና በእግራቸው ሲቆሙ ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነው።

ዕዳም ነበረባቸው። ባለፈው በጋ መሬቱ ደርቆ አፍንጫ አላስገባ ብሎ፣ ልጆቹ አጥንታቸው ሲቆጠር፣ እመት ከርከሮ እትዬ ጃርት ደጅ ሄዳ፣ እትዬ ጃርት ካጠራቀመችው ሥራ ሥር ተበድራ ነው ለክረምት የበቁት። እትዬ ጃርት ተበዳሪዋን በየደጁ አታማም፤ አትረሳም ግን። እመት ከርከሮም በየቅዳሜው አፏ የያዘላትን ያህል ሥራ ሥር ተሸክማ ሄዳ ታስረክባለች። ልጆቹ ከበሩ ላይ ሆነው እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

በሐምሌ ጎርፍ ወደ ጉድጓዲቱ ገባ። ትንሿ ልጅ ውሃ ላይ ተኝታ አደረችና ስትስል ሰነበተች። ይህን ደግሞ ቀበሮ ሰማ። ቀበሮ ደላላ ነው፤ የማን ቤት እንዳፈሰሰ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

መጣና ከደጁ ቁጢጥ አለ። ለልጅቷ ሳል እንደ ዘመድ ከንፈሩን ከመጠጠ በኋላ፣ ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ የሚያከራየው ቤት እንዳለ አወራ። ምስጥ በሊታው አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ነው፣ እልፍኝና ጓዳ አለው፣ ውሃ የሚባል አያውቀውም አለ። ኪራዩም ገንዘብ ሳይሆን እነሱ ሥር ሲቆፍሩ ከመሬት የሚወጣው አጥንት ነው፤ ጨረቃ በሞላች ቁጥር አንድ ክምር። ካልሞላ ግን ቤቱ የራሱ ነውና አያ ጅቦ ገብቶ ያድርበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ ወደ ሰማይ እያየ ነው።

ደላላው ከሄደ በኋላ እመት ከርከሮ ወደ ባሏ ዞረች።

«የጃርትን ሳንጨርስ የጅብን እንጀምር?» አለች።

«ልጅቷ እየሳለች ነው» አለ አባ ክራንቻ።

በዚህ ቆረጡ። ብቻ ዕቃቸውን ሳያነሱ እመት ከርከሮ እትዬ ጃርት ዘንድ ሄደች፤ በዚያ አገር ላበዳሪው ሳይነግር ሰፈር የሚቀይር ኮብላይ ነው የሚባለው። እትዬ ጃርት እሾኋን እያስተካከለች አዳመጠቻት።

«የት እንደምትገቢ ነግረሽኛል፤ እሱ ይበቃኛል። ግን ቤቱ ሰፊ ነው አሉ። እንዴት ነው የምትገቢበት?»

«እንደ እናቴ ነዋ፣ እትዬ። በኋላዬ።»

«እንግዲያው ግቢ» አለቻት እትዬ ጃርት።

ቤቱ እውነትም ሰፊ ነበር። ልጆቹ ከጓዳ እልፍኝ ሲሯሯጡ ዋሉ፤ የትንሿም ሳል ቆመ። አባ ክራንቻ እግሩን ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱን ውስጥ አስገብቶ አደረ። ጎረቤቱ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ ሊል ሲመጣ ጅግራ የሣር ፍሬ፣ ጥንቸል ለጋ ቅጠል ይዘው መጡ። ቀበሮ ባዶ እጁን መጣና ከሁሉ የበለጠ በላ።

እንግዶቹን ሊያስገባ አባ ክራንቻ እንደ ልማዱ ዞሮ በኋላው ሲገባ፣ ቀበሮ ሳቁን ለቀቀው።

«አባ ክራንቻ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እኮ ዝሆን ይዞራል። እንደ ሌባ ወደ ኋላ የምትገባው ማንን ፈርተህ ነው? ሰው ጠባብ ቤትን ይለቃል፤ ጠባብ ቤት ግን ሰውን አይለቅም ማለት ነው።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ጥንቸል እንኳ፣ ያቺ የራሷን ጥላ የምትፈራው፣ ሳቀች። ወንድ ልጅ የእንግዳ ሳቅ ያመዋል፤ አባ ክራንቻም ከማግስቱ ጀምሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ በፊቱ ይገባ ጀመር። ልጆቹ ተከተሉት። እመት ከርከሮ ተዉ አለች፣ ተቆጣች። አንድ ምሽት ግን አጥንት ተሸክማ አንገቷ ዝሎ ስትመለስ፣ መዞሩ ቢታክታት «ዛሬን ብቻ» ብላ በፊቷ ገባች። ዛሬን ብቻ ደግሞ ትወልዳለች። በነጋው ሌላ ዛሬን ብቻ ነበረች።

በጋው መጣ፤ መሬቱም እንደገና ደረቀ። እመት ከርከሮ ለጃርት ሥሩን፣ ለጅብ አጥንቱን ስትቆፍር ትውላለች። ለልጆቹ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ለእሷ ጭራሹን የለም። ያም ሆኖ ክምሩ ሞልቶ ነበር። አጥንቱን ለአያ ጅቦ የሚያደርሰው ግን ደላላው ነው፤ ቀበሮ ደግሞ በመንገድ ላይ መቅኒ ያለውን እየመረጠ ወደ ራሱ ጉድጓድ ያዞራል። አያ ጅቦ መቁጠር አይችልም። ክምሩን ዞሮ ያየውና «ሞልቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀበሮም አልሞላም ይለዋል።

በመጨረሻም አንድ ቀን ከኩይሳ ጀርባ ቁጭ ብለው መከሩ። ጅግራ ከሣሩ ውስጥ ሆና ስለሰማች ነው ይህ ሁሉ ኋላ የታወቀው።

«ልጆቹን ባገኝ ደስ ይለኛል» አለ አያ ጅቦ። «ያንን ክራንቻ ግን እፈራለሁ።»

«በከንቱ ስስቅባቸው የከረምኩ ይመስልሃል? አሁን በፊታቸው ነው የሚገቡት። ተከትለሃቸው ስትገባ የምታገኘው ጭራ ነው። ጭራ አይነክስም።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እመት ከርከሮ ያገኘቻትን ጥቂት ሥር ይዛ እትዬ ጃርት ዘንድ ሄዳ ነበር፤ እትዬ ጃርትም አነሰ ሳትል ተቀበለቻት። ስትመለስ መንገዷ በቀበሮ ደጅ በኩል ነው። እዚያም የአጥንት ክምር አየች። ከላይ ያለው የጭን አጥንት ላይ ጠማማ ጭረት አለበት። የራሷ የተሸረፈች ክራንቻ ናት የጫረችው፤ ሌላ ማንም እንዲያ አይጭርም። እርምጃዋን አፈጠነች።

ከአፋፉ ላይ ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ቁልቁል አየች። አባ ክራንቻ ጭራውን አቁሞ በፊቱ ገባ፤ ልጆቹም ተከታትለው ገቡ። ከግራሩ ሥር ደግሞ አያ ጅቦ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ፣ ምራቁን እያዝረከረከ አድፍጧል። ትንሿ ልጅ ገና ደጅ ናት።

ብትጮህ ከጩኸቷ እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ሮጠች። በአያ ጅቦ አፍንጫ ሥር አልፋ፣ ልጅቷን በግንባሯ ወደ ውስጥ ገፍታ፣ ከበሩ ላይ ዞረች። እናቷና የእናቷ እናት እንዳደረጉት በኋላዋ ገባች። ፊቷ በሩን ሞላው።

አያ ጅቦ ተነሥቶ መጣና ቆመ። ቀበሮ ስለ ጭራ እንጂ ስለዚህ አልነገረውም። ዘወር ብሎ ቢፈልገውም ቀበሮ ከኩይሳው ጀርባ አልወጣም። ደላላ ለውል እንጂ ለጠብ አይቆምም።

«እመት ከርከሮ፣ አጥንቴ ጎድሏል» አለ። «ቤቱ የኔ ነው፤ እገባለሁ።»

«ያንተስ ነው፣ አያ ጅቦ። ማን ይከለክልሃል» አለች ትንፋሿን እየዋጠች። «ብቻ በእኛ ወግ በፊቱ የሚገባ ሌባ ነው፤ የቤት ጌታ ዞሮ በኋላው ነው የሚገባው። እኔ ተከራይዋ እንኳ እንዲህ ገብቼ፣ ጌታው በፊቱ ቢገባ መንደሩ ምን ይላል?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ስለሆነ ቁጭ ብሎ አሰበ። ከውስጥ የልጆቹ ሽታ መጣበት።

«የቤት ጌታ ነኝ» አለና ዞረ።

እመት ከርከሮ ቦታ ልትለቅለት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። አባ ክራንቻም ነገሩ ገብቶት ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ነበር፤ ቤቱ ሰፊ ነውና ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆሙ። ለዚያ ቤት ስፋቱ የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አያ ጅቦ ከወገቡ በታች እንደገባ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው በክራንቻቸው ወጉት። ጩኸቱ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

የኋላ እግሩን እየጎተተ ሲወጣ እመት ከርከሮ ከበሩ ላይ ተናገረችው።

«አጥንትህን ከፍዬሃለሁ። የጎደለውን ደላላህ ደጅ ፈልገው፤ የኔ ክራንቻ ጭረት አለበት።»

አያ ጅቦ ወደ ኩይሳው አነከሰ። ቀበሮ ግን በዚያች ሰዓት ሰፈር ቀይሯል፤ ለማንም ሳይነግር። ጅብ እስከ ዛሬ ኋላው ዝቅ ብሎ የሚያነክሰው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

በማለዳ ከርከሮዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። አባ ክራንቻ መለስ ብሎ አየ።

«ሰፊ ነበር» አለ።

«ሰፊስ ነበር» አለች ሚስቱ። «በሩ ግን የእኛ አልነበረም።»

ወደ ጠባቧ ጉድጓድ ተመለሱ። ቅዳሜ ሲደርስ ወደ እትዬ ጃርት መሄዱ ቀጠለ፤ የመጨረሻውን ሥር ባስረከበች ዕለት እትዬ ጃርት ቆጥራ ተቀበለችና፣ ከእንግዲህ አፍንጫሽ የራስሽ ነው ብላ ልታግዛት አብራት መጣች። አስቀድመው ለጎርፉ ቦይ ቀደዱ፤ ከዚያ የኋላውን ግድግዳ ቀስ እያሉ ቆፍረው ወደ ውስጥ ገፉት፣ የአባ ክራንቻ ጭንቅላት እስኪገባ ድረስ። ጅግራ በማለዳ ስታልፍ ጢሙ ላይ ጤዛ ብትፈልግ አጣች፤ ለመንደሩ የምታወራው ቢቸግራት፣ ሁሉም አሁንም በኋላቸው ነው የሚገቡት ብላ አወራች።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕዳ ያለበት ሰው ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰፋለት ፊቱን ከበሩ ማንሣት እንደሌለበት ነው።