የንስሯ አውጫጭኝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ እንጂ፣ ምን ያፋጥጣችኋል? ጮክ በሉ። እንዲያ ነው። የሚያንጎላጅ ካለ ጎኑን ጎሸም አድርጉት፤ እኔ ሁለቴ አልተርክም።

በድሮ ዘመን ገደል አፋፍ ላይ ባለች አገር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ይርገዱ መጠየቅ ትወዳለች። ሲዘንብ ለምን፣ ሲያባራ ለምን። እናቷ «ይህች ልጅ አፏን ካልያዘች ባል አታገኝም» ይሏት ነበር። አገኘች። ባሏ አንለይ ደግ ሰው ነው፤ ፈሪም ነው። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ጠመንጃ አለችው፣ ሲተኩስ ግን ዓይኑን ይጨፍናል።

የዚያ አገር ንጉሥ አንድ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ። «ጭልፊት አይነካ። ጆፌ አሞራ አይነካ። ንስር አይነካ። የገደለ ከርስቱ ይነቀል» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ ጫጩት ይሰርቃል፣ አንዱ ጥንብ ይበላል፣ ምናቸው ይጠበቃል? ይርገዱ ግን አልሳቀችም። «ለምን ይሆን?» አለች። የሚያውቅ አልነበረም።

አዋጁ ሳይከርም ጭልፊቱ በጥይት ተመቶ ተገኘ። ማን ገደለው? እንጃ። ትንሽ ቆየና አይጥ በረከተ። አዝመራውን ከሥሩ ቆረጠው፣ ጎተራውን ቀደደው፣ በጠራራ ፀሐይ በሰው እግር መሐል ይሮጥ ጀመር። «አሃ» አለች ይርገዱ።

ቀጥሎ ጆፌ አሞራው በጥይት ተመቶ ተገኘ። ማን ገደለው? እንጃ። ትንሽ ቆየና በበሽታ የሞተች ላም ሜዳ ላይ የሚያነሳት አጥታ ገማች። ከሷ የበላ ውሻ ታመመ፣ አጠገቧ የጋጠ ከብት ታመመ። «አሃ» አለች ይርገዱ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ንስሯ ሞተች። ያገኘቻት ራሷ ይርገዱ ናት፣ ገደሉ ሥር እንጨት ስትለቅም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ደግሞ ያቺ አመሏ መጣባት። ክንፏን ገለጥ አድርጋ አየች። ጥይቱ የገባው በብብቷ ሥር ነው። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ መልሳ ንስሯን አየች። «ተቀምጣ ቢሆን ክንፏ ብብቷን ይሸፍነው ነበር። ስትበር ነው የተመታችው» አለች። በዚያ አገር የሚበር ነገር መትቶ የሚጥል አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጓንጉል ነው።

ጓንጉል ማን ነው? ባለ ውጅግራ ጠመንጃ፣ ባለ ሰፊ ርስት፣ ሲሄድ መሬት የሚጠበው ሰው ነው። አባቱ አንበሳ ጥሎ እልል ተብሎለታል፣ አያቱ ጎሽ ጥሎ ተዘፍኖለታል። በሱ ዘመን አንበሳውም ጎሹም ከዚያ አገር አልቋል። ውጅግራ ይዞ የሚጥለው ያጣ ሰው ዓይኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ታዲያ ይርገዱ «እሱ ነው» ብትል ማን ይሰማታል? ያየችውን ዋጥ አድርጋ ለመንደሩ ጭቃ ሹም ለአባ ደርብ «ንስሯ ሞታለች» ብቻ አለች። በዚያው ሰሞን ሽኮኮው ከገደሉ ወጥቶ ባቄላውን ይግጠው ጀመር።

አባ ደርብ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ወንዱ ሁሉ ይሰበሰብና በእሾህ አጥር ይታጠርበታል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ንስሯንም በቆዳ ጠቅልለው በአጥሩ መሐል ካለው ሾላ ሥር አኖሯት። የንጉሥ ናት ብሎ ሰው ሁሉ ስለፈራ ከይርገዱ በቀር ክንፏን ገልጦ ያያት የለም።

ሰዉ ዋለ፣ አደረ፣ ሰነበተ። እህሉ ደርሶ እየረገፈ ነው፤ አይጡ ከታች፣ ሽኮኮው ከላይ። ሰው ሲቸግረው ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ቤቱ ይናፍቀዋል።

«አንለይ ጠመንጃ አለው» አለ አንዱ።

«ጭልፊት ጫጩቱን የወሰደበት ዕለት እገለዋለሁ ብሎ ምሏል» አለ ሌላው።

ጓንጉል ሪዙን እያሻሸ «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ምን ዓይነት ፊት ነው በሉ!

አባ ደርብም መከሩና «ነገ ጠዋት አንለይ ቃሉን ይስጥ። የሚለው ከሌለው ከርስቱ ይነቀል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ይርገዱ ስንቅ ይዛ መጣች። አንለይ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ያዘ።

«ይርጌ፣ አለቀልኝ። የአባቴን መሬት ልነቀል ነው» አለ።

«አላለቀም። ነገ ቃልህን ሲጠይቁህ ተነስተህ ፎክር።»

«ምን ብዬ?»

«ሦስቱንም የገደልኩ እኔ ነኝ ብለህ።»

«ምን ነካሽ ሴትዮ? በገዛ አፌ ልጥፋ?»

«ስማኝ እንጂ። ወንድ ልጅ የገዛ ግዳዩን ሌላ ሰው ሲፎክርበት ይችላል?»

አንለይ ራሱን አከከ። «አይችልም። ሞት ነው» አለ።

«እንግዲያው ፎክር። ግን አገዳደሉን የፈሪ አድርገው።»

«እሱስ አያቅተኝም» አለ አንለይ።

በማግስቱ ወንዱ በአጥሩ ውስጥ፣ ሴቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። «አንለይ፣ ቃልህን ስጥ» አሉ አባ ደርብ። አንለይ ተነሳና ጋቢውን ወደ ኋላ ጣለ።

«ዘራፍ!
እኔ የይርገዱ ባል፣
ጭልፊት ከአጥር ላይ የሚጥል!»

ሰዉ ክው አለ። ይርገዱ ከውጭ እልልታዋን አቀለጠችው። ጓንጉል ከንፈሩን ነከሰ።

«ዘራፍ!
እኔ የይርገዱ ባል፣
ጆፌን ጥንብ ላይ የሚነጥል!»

እልል አለች ይርገዱ። «ጥንብ ላይማ ሕፃንስ ይመታው የለ» ብሎ አጉረመረመ ጓንጉል። ጎረቤቱ «ምን አልክ?» አለው። «ምንም» አለ፤ ግንባሩን ግን አላበው።

«ዘራፍ!
እኔ የይርገዱ ባል፣
ንስርን በእንቅልፏ የሚገድል!»

ይርገዱ ከፊተኞቹ ሁለቱ የባሰ እልል አለች። «እሰይ የኔ ጀግና፣ ከጓንጉል አባት ማን አሳነሰህ» አለች ጨምራ። ይህንን ጓንጉል አልቻለውም። ከመሐል ብድግ አለ።

«ዝጋ አንተ ቀጣፊ። ንስር በእንቅልፏ? ያቺን ንስር ፀሐይ ላይ ስትበር ነው የጣልኳት፣ በአንድ ጥይት። ክንፏን ገልጣችሁ እዩ፣ ከብብቷ ሥር ነው የገባው። ጭልፊቱንም፣ ጆፌውንም ከአየር ነው ያወረድኳቸው። ይኼ ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው የኔን ግዳይ ይፎክርበታል?»

ከዚያ በኋላ አፉን ከደነ። ምን ዋጋ አለው?

አባ ደርብ ቀስ ብለው ሄዱ፣ ቆዳውን ገለጡ፣ ክንፏን አነሱ። ጥይቱ ከብብቷ ሥር ገብቷል። «እኛ ሳንገልጣት አንተ አየሃት፣ ልጄ» አሉት።

አንለይ ከነርስቱ ቤቱ ገባ። ጓንጉል ውጅግራውን ተቀማ፣ ከርስቱም ተነቀለ። ያን ጊዜ ይርገዱ ደግሞ «የንስሯ ጎጆ ውስጥ ጫጩት ትኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ወጥተው ቢያዩ አለች፤ በረሃብ አንገቷ ቀጥኖ። አባ ደርብም ለንጉሡ ላኩ፣ ንጉሡም ፈረደ፦ «እናቷን የገደለ ያሳድጋት። በርራ ራሷ ሽኮኮ እስክትይዝ ድረስ ርስቱን አያይም።»

እናንተዬ፣ የአንበሳ ገዳይ ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ቀልሶ በወጥመድ አይጥ ሲይዝ ከረመ። አይጧን በጭራዋ አንጠልጥሎ ገደሉን ሲወጣ፣ ባልቴቶቹ ከታች «ጓንጉል፣ ዛሬስ ምን ጣልክ?» ይሉታል። እሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጫጩቷ ድምፁን ለይታ ስትጮህ ግን ሩጦ ይሄድ ነበር ይባላል። በመጨረሻ በረረች፤ ሽኮኮም ያዘች። ጓንጉል ርስቱን አገኘ፣ ውጅግራውን ግን የመለሰለት የለም። ከዚያ ወዲያ በሠርግም ሆነ በድግስ «ፎክር» ቢሉት እንደ ድንጋይ ይቀመጣል።

ይኸው ነው። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ከሌለ ቆሎም አልጠላም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል ሌላው ሰው። በዚያ አገር ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሚባለው፦ ሆድ ያባውን ፉከራ ያወጣዋል።